ዳቦው ለብቻ፣ እንቁላሉ ለብቻ፦ «ምግብ አታደባልቁ» የሚለው ዳይት ለምን ያከሳል?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊቿን ፈታታ ስትበላ አየኋት። እንቁላሉን ከዳቦው መሀል በሹካ ለቅማ አወጣች። ከቲማቲሙና ከሰላጣው ጋር በላችው። ዳቦውን ግን በሶፍት ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ስልኳን አነሳችና አላርም ሞላች። ዳቦው የሚበላው ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ክልክል ነው።

«ምን ጉድ ነው?» አልኳት።

«ፕሮቲንና ስታርች አብረው አይበሉም። ሆድ ውስጥ ይጣላሉ።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ቶሎ ዋጥኩት። ምክንያቱም ልጅቷ በሦስት ሳምንት አራት ኪሎ ቀንሳለች። ሱሪዋ ሰፍቷታል፣ ፊቷ ፈክቷል፣ ከምሳ በኋላም እንደ ድሮው አታንጎላጅም። ሰው ፊት ለፊታችሁ ከስቶ ቆሞ «የያዝሽው ነገር ተረት ነው» ማለት ይከብዳል።

ይህን ዳይት ሳትሰሙት አትቀሩም። ስልክ በከፈታችሁ ቁጥር አንዱ ሰንጠረዥ ይዞ ብቅ ይላል፤ ቀይ የተቀባው «አይገናኙም»፣ አረንጓዴው «ይስማማሉ»። ሕጎቹ ከአስተማሪ አስተማሪ ትንሽ ይለያያሉ፣ መሠረታቸው ግን አንድ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና አይብ በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ድንች በሌላ ወገን። ሁለቱ ወገኖች አንድ ገበታ ላይ አይቀርቡም። አትክልት ከሁለቱም ጋር ይሄዳል፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ማለት ነው። ፍራፍሬ ደግሞ ብቸኛ ነው፤ በባዶ ሆድ እንጂ ከምግብ በኋላ አይነካም። ሐብሐብማ ከሌላ ፍራፍሬ ጋር እንኳ አይቀላቀልም፣ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ምክንያቱ ሲጠየቅ እንዲህ ይላሉ። ፕሮቲን የሚፈጨው በአሲድ ነው፣ ስታርች የሚፈጨው በአልካላይን (በአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል፣ ምግቡ ሳይፈጭ ይቀመጣል፣ ይቦካል፣ ይበሰብሳል፣ መርዝ ይሆናል፣ መርዙም በስብ መልክ ይጠራቀማል። ሲሰሙት ያምራል። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ራሱ ለአፍታ ያህል «ሊሆን ይችላል» ያሰኘዋል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ዳይቱ ያከሳል። የሚሰጠው ምክንያት ግን ውሸት ነው። «ከሳሁ አይደል፣ ምክንያቱ ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል፤ ባልደረባዬም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ያገባናል። ለምን እንደሚያገባን ስንጨርስ ግልጽ ይሆናል።

መጀመሪያ ግን ይህ ነገር ከየት መጣ?

እንደ አዲስ ግኝት ነው የሚወራው። ዕድሜው ግን ወደ መቶ ዓመት ግድም ነው። አባቱ ዊሊያም ሃዋርድ ሄይ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ተወልዶ በ1940 የሞተ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሄይ ራሱ ወፍራም ነበር፤ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ አልፎ ነበር። የኩላሊት ሕመም፣ የደም ግፊትና የልብ መስፋት ነበረበት። አመጋገቡን ቀየረ፣ በጥቂት ወራት ሃያ ኪሎ ያህል ጣለ፣ ተሻለውም። ከዚያ ከራሱ ታሪክ ተነስቶ ለዓለም ሁሉ ሕግ አወጣ። አመጋገቡን ከሥር ከመሠረቱ የቀየረ ሰው ከለውጦቹ የትኛው እንዳዳነው በምን ያውቃል? አያውቅም። ሄይ ግን የሚያውቅ መሰለው፤ ጥፋተኛው ፕሮቲንና ስታርችን መደባለቅ ነው ብሎ ደመደመ።

ከእሱ በኋላ ዱላውን የተቀበለው ሄርበርት ሼልተን ነው። ይህኛው የሕክምና ዶክተር እንኳ አልነበረም፤ ያለ ፈቃድ ታክማለህ ተብሎ በተደጋጋሚ ታስሯል። በ1951 ያወጣው መጽሐፍ ዛሬ በየስልኩ ለሚዞሩት ሰንጠረዦች አያታቸው ነው ማለት ይቻላል። በ1981 ደግሞ ጁዲ ሜዝል የምትባል አሜሪካዊት «ቤቨርሊ ሂልስ ዳይት» ብላ መጣች። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ፍራፍሬ ብቻ ነው። አናናስ፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሐብሐብ። አንጀት ሲላላ ሜዝል እንደ ጥሩ ምልክት ነበር የምታየው፤ ኪሎው እየወጣ ነው ብላ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ሁለት ጸሐፊዎች የዳይቱን አደጋ ዘርዝረው ጻፉ። መጽሐፉ ግን እንደ ጉድ ተሸጠ። በ1985 ሃርቪና ማሪሊን ዳይመንድ የሚባሉ ባልና ሚስት ተከተሉ፤ እስከ እኩለ ቀን ፍራፍሬ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ሳይደባለቁ መብላት። የእነሱም በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል።

ስሙ ይቀየራል፣ የሰዓቱ ልክ ይቀየራል፣ የሰንጠረዡ ቀለም ይቀየራል። ሐሳቡ ያው የሄይ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሆድ ውስጥ እንግባ። የባልደረባዬን ሳንድዊች እንከተለው፣ ሳይፈታታ፣ ዳቦውም እንቁላሉም አብረው እንደተጎረሱ።

አፍ ውስጥ ምራቅ ይቀበለዋል። ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የዳቦውን ስታርች ወደ ትናንሽ ስኳሮች መቆራረጥ ይጀምራል። ቁራጭ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ አቆይታችሁ ብታኝኩት ጣፈጥ የሚለው ለዚህ ነው። ከዚያ ይዋጣል። ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ቀልድ አያውቅም፤ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ሲለካ ከ1.5 እስከ 3.5 አካባቢ ነው። እዚህ አሚሌዝ ሥራውን ያቆማል። ወዲያው እንኳ አይደለም፤ የተዋጠው ምግብ እንደ ሊጥ ስለሆነ አሲዱ መሀሉ ድረስ እስኪገባ ጊዜ ይወስድበታል። ቢሆንም ዞሮ ዞሮ ይቆማል። እዚህ ላይ የዳይቱ ሰዎች ልክ ናቸው፣ ልንሰጣቸው ይገባል። ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ደግሞ አሲዱን ይወደዋል፣ እንቁላሉን ይጀምረዋል።

ስህተቱ ከዚህ በኋላ ነው። «አያችሁ፣ ዳቦው ከሸፈ» ይላሉ። ዳቦው አልከሸፈም። ተራው አልደረሰም እንጂ።

ጨጓራ ዋናው የመፍጫ ቦታ አይደለም። ያሻል፣ ያላውሳል፣ በአሲድ ያጥባል፣ ከዚያ መውጫው ላይ ባለው ጡንቻ በኩል ትንሽ ትንሽ እያደረገ ወደ ትንሹ አንጀት ይለቃል። ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ያ አሲዳም ፍትፍት ትንሹ አንጀት እንደደረሰ ቆሽት ሁለት ነገር ይልክለታል። አንዱ ባይካርቦኔት ነው፤ አሲዱን ያበርደዋል። ሁለተኛው የኢንዛይም ድብልቅ ነው። ስታርች የሚቆርጥ አሚሌዝ አለበት፣ ፕሮቲን የሚቆርጡ ትሪፕሲንና ካይሞትሪፕሲን አሉበት፣ ስብ የሚቆርጥ ላይፔዝ አለበት። ሁሉም በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጡት። ወረፋ የለም። ሐሞትም ከጎን ትጨመራለች።

አሁን ሕጉን አስታውሱት። ፕሮቲን በአሲድ፣ ስታርች በአልካላይን ነበር ያሉን። ትሪፕሲን ግን ፕሮቲን የሚቆርጠው አሲዱ በበረደበት፣ ወደ አልካላይን በተጠጋው ቦታ ነው፤ ልክ አሚሌዝ ስታርቹን በሚቆርጥበት ቦታ፣ ጎን ለጎን። በሕመም ምክንያት ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች አሉ። ፕሮቲን ይፈጫሉ። በትንሽ በትንሹ መብላት አለባቸው፣ ሌላም ጣጣ አለባቸው፣ ግን ሥጋውም እንቁላሉም ይፈጭላቸዋል።

እኔን በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ቆሽት ኢንዛይሞቹን እንዲልክ ከሚጠሩት ሆርሞኖች ዋነኛው ኮሌሲስቶኪኒን ይባላል። ይህን ሆርሞን በኃይል የሚያስለቅቁት ትንሹ አንጀት የደረሱ ስብና ፕሮቲን ናቸው። ቆሽት ሲጠራ የሚልከው ደግሞ ሙሉውን ድብልቅ ነው፣ አሚሌዙንም ጭምር። እንግዲህ እንቁላሉ ለራሱ ብሎ ሲጣራ የዳቦውንም ኢንዛይም አብሮ ይጠራለታል ማለት ነው። ተጣሉ የተባሉት ሁለቱ፣ አንዱ ለሌላው ጠሪ ሆኖ አረፈው።

አንዳንዶች ክርክሩ ሲጠነክርባቸው ፓቭሎቭን ያመጣሉ። አዎ፣ ያ ስለ ውሾቹ የምታውቁት የሩሲያው ሳይንቲስት፤ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው። ውሻ ሥጋ ሲበላና ዳቦ ሲበላ ጨጓራው የሚያመነጨው ፈሳሽ እንደሚለያይ አሳይቷል። እውነት ነው። ግን ከዚህ የሚገባኝ ሰውነት የመጣለትን አይቶ ራሱን እንደሚያስተካክል ነው። «ስለዚህ አትደባልቁ» የሚለው ከዚያ አይወጣም።

ባዮሎጂው ሁሉ ቢሰለቻችሁ አንድ ባቄላ ብቻ አንሱ። ደረቅ ባቄላ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ከግማሽ የሚበልጠው ደግሞ ካርቦሃይድሬት (ስታርችም የዚሁ ዘር ነው)። በአንድ ልጣጭ ውስጥ! ሰንጠረዡ ላይ ባቄላን የት ልታስቀምጡት ነው? አንዳንዱ ሰንጠረዥ ግራ ይገባውና ጭራሽ ይከለክለዋል። ምስርም እንደዚያው ነው። ስንዴ ራሱ ከ10 በመቶ ያላነሰ ፕሮቲን አለው፣ ዳቦ በላሁ ያለ ሰው ፕሮቲንና ስታርች ደባልቆ በልቷል። እና የእናት ጡት ወተት? በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 7 ግራም ያህል ስኳር፣ 4 ግራም ያህል ስብ፣ 1 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ሁሉም ተደባልቆ። ሕፃን ይህን ብቻ እየጠጣ በአምስት ወር ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርሳል። መርዝ ተጠራቅሞበት አይመስለኝም።

ፍራፍሬ ከምግብ በኋላ ሲበላ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል የሚለውም ያው ነው። ለመበስበስ ባክቴሪያ ያስፈልጋል፣ ባክቴሪያ ደግሞ በጨጓራ አሲድ ውስጥ እንደልቡ አይራባም። ፖም ከሥጋ በኋላ ከበላችሁ ፖሙ ከሥጋው ጋር ትንሽ ይቆያል፣ በቃ። መቆየት ሌላ፣ መበስበስ ሌላ። የምር መብላላት የሚካሄደው ታች ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያልተፈጨውን አሰር ያብላሉታል፣ ከሱ የሚወጣው ነገርም የአንጀትን ግድግዳ ይመግበዋል። እንዲያውም የሚፈለግ ነገር ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ የ«ደም አሲድ ሆነ» ወሬ ነው። የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ሳንባና ኩላሊት ሌት ተቀን የሚጠብቁት ነገር ነው። ከዚያች ክልል የወጣ ሰው የሚገኘው ሆስፒታል ነው እንጂ ቪዲዮ እየቀረጸ አይደለም። በሽንት ላይ ወረቀት ነክሮ «አሲድ ነህ» የሚላችሁ ሰው የለካው ኩላሊት የጣለውን ነው። ኩላሊት ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ ልታመሰግኑት ይገባል።

እንግዲህ ምክንያቱ ይህን ያህል ባዶ ከሆነ ልጅቷ ለምን ከሳች?

ይህንን ጥያቄ በቀጥታ የፈተነ ጥናት አለ፤ በ2000 ከጄኔቭ የወጣ ነው። 54 ከመጠን በላይ ወፍራም ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ምግቡን ለያይቶ በላ፣ ሌላው ደባልቆ በላ። ለሁለቱም የተሰጠው በቀን ወደ 1,100 ካሎሪ ነው፣ እኩል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለያይተው የበሉት በአማካይ 6.2 ኪሎ ቀነሱ። ደባልቀው የበሉት 7.5 ኪሎ። የደባለቁት በለጡ ብላችሁ እንዳትሮጡ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ዓይን እንደ እኩል የሚታይ ነው። ግን መለየት የሚባለው ነገር አስማት ቢኖረው ኖሮ ካሎሪው እኩል ሲሆን መታየት ነበረበት። አልታየም።

ያከሳቸው የምግቡ ማነስ ነው። ዳይቱም ውጭ ላይ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሳይነግራችሁ ምግብ ያስቀንሳችኋል። ብልጠቱ እዚህ ጋ ነው፣ አድናቆቴን አልደብቅም።

እንዴት ነው የሚያስቀንሰው? ሕጉን በእጃችሁ ይዛችሁ የምትወዷቸውን ምግቦች ቁጠሩ። ፒዛ? ሊጥና አይብ ነው፣ ወደቀ። በርገር? ዳቦና ሥጋ፣ ወደቀ። ፓስታ በሥጋ ወደቀ። ላዛኛ ወደቀ። ኬክ ዱቄትና እንቁላልና ወተት ነው፣ ሦስቴ ወደቀ። ብስኩት፣ ዶናት፣ አይስክሬም በኬክ... ማንም «ካሎሪ ቁጠር» ሳይላችሁ፣ በቅባትና በዱቄት የታጨቀው ነገር በሙሉ ከቤታችሁ ወጣ። በምትኩ የገባው ምንድን ነው? አትክልት፤ ከሁለቱም ወገን ጋር የሚሄደው እሱ ብቻ ስለሆነ። አትክልት ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ካሎሪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። በአንዱ ወገንና በሌላው መካከል አራት ሰዓት ተኩል መጠበቅ ካለባችሁ መሀል ላይ ምንም አትቀማምሱም። ባልደረባዬን ከዚህ በፊት ከሰዓት በኋላ ምን ትበዪ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። አሰበች። «ብስኩት በቡና» አለች። ስንት ብስኩት? «እንጃ፣ ፓኮውን።» በየቀኑ? ዝም አለች። እንግዲህ ያቺ ፓኮ ቀርታለች። የስታርችና የፕሮቲን ጠብ ይቅርና፣ ያቺ ፓኮ ብቻዋን ሱሪ ታሰፋለች።

ሦስተኛው ነገር ስልቸታ ነው። ሰው አንድ ዓይነት ጣዕም ሲደጋግም ቶሎ ይጠግባል። ጥጋቡ ግን ለዚያ ጣዕም ብቻ ነው። ሥጋ እስክትጠግቡ በልታችሁ፣ አንድ ሌላ ጉርሻ አልችልም ብላችሁ፣ ኬክ ሲመጣ ቦታ የሚገኘው ለዚህ ነው። ባርባራ ሮልስ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምራ ይህን በደንብ አጥንታዋለች፤ የምግብ ዓይነት ሲበዛ ሰው ይበልጥ ይበላል። ለያይቶ መብላት ማለት እንግዲህ በአንድ ገበታ ላይ ያለውን ዓይነት መቀነስ ነው። ዶሮና ሰላጣ፣ ዶሮና ሰላጣ። ስንት መብላት ይቻላል?

ውሃም አለበት። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን አድርጎ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከእያንዳንዱ ግራም ጋር 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይያዛል። ዳቦና ሩዝ ድንገት ሲቀንስ ያ ጎተራ ይራገፋል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ እንደ ተአምር የሚወርደው ለዚህ ነው። ስቡ ገና ብዙም አልተነቃነቀም። ቪዲዮዎቹ ሁሉ «በ7 ቀን» የሚሉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

«ኪሎውን ተወው፣ ሆዴ ግን ቀለለኝ፣ መነፋቱ ጠፋ» የሚሉም አሉ። አምናቸዋለሁ። ትልቅና ቅባት የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ ያከብዳል፤ ሲቀንስ ይቀላል። ከዚያ ሌላ ብዙ ሰው ሳያውቀው የማይስማማው ነገር አለ። አንዱን የወተት ስኳር ይነፋዋል። ሌላውን ስንዴና ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬት ያስቸግረዋል። ባቄላና ምስር ለምን ጋዝ እንደሚያመጡ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሏቸው፣ እኛ እነሱን የሚቆርጥ ኢንዛይም የለንም፣ ስለዚህ እንዳሉ ትልቁ አንጀት ይደርሱና ባክቴሪያ ይቀበላቸዋል። ባቄላውን ብቻውን ብሉት፣ ከሩዝ ጋር ብሉት፣ ጋዙ አይቀርም። አውስትራሊያ ውስጥ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ፎድማፕ የሚባለውን አመጋገብ ያዘጋጁት እነዚህን ካርቦሃይድሬቶች አንድ በአንድ እየለዩ ለማግኘት ነው። ሆዳችሁ ሁሌ የሚነፋ ከሆነ የሚያስቸግራችሁን አንዱን ነገር ማግኘት ይሻላል፤ አለዚያ ዕድሜ ልካችሁን እንቁላልና ዳቦ ስታፋቱ ትኖራላችሁ፣ ጥፋተኛው ግን ወተቱ ሆኖ ይገኛል። (ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ሳትፈልጉ ከከሳችሁ ደግሞ ዳይቱን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ።)

መለየቱ የሚያስቀርባችሁ ነገርም አለ። ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮት ሲበላ ግን በደንብ ይገባል። ምስር በልታችሁ ብርቱካን ብታስከትሉ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ሰንጠረዡ ይህን በቀይ ነው የሚቀባው። ሩዝ ወይም ድንች ብቻውን ሲበላ ደግሞ የደም ስኳር ቶሎ ይወጣል፤ ፕሮቲን፣ ስብና አሰር አብረውት ሲሆኑ ጨጓራ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ስኳሩም ቀስ ብሎ ይወጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስታርችን ከፕሮቲን ለይተህ ብላ፣ እስከ እኩለ ቀንም ፍራፍሬ ብቻ ብላ ሲባል ስሰማ ይጨንቀኛል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከዚህ በፊት ከምግብ ጋር ጠብ የነበረበት ሰው ይህን ዳይት ከሰንጠረዥ አንስቶ ሊጀምር አይገባም።

የመጨረሻውን ነገር ቀለል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። ስቲቨን ብራትማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1997 ኦርቶሬክሲያ የሚል ቃል አወጣ፤ ሰው «ንጹሕ» ምግብ ብቻ ልብላ እያለ በምግብ ሕግ ታስሮ ኑሮው ሲጠብበት ማለቱ ነው። ባልደረባዬ እዚያ ደርሳለች አልልም። ግን ባለፈው ወር ልደት ተጠርታ ሳትሄድ ቀርታለች። «ኬክ ይኖራላ፣ ሥጋም ይኖራል፣ ምን ልበላ ነው?» አለች። ሰው የሚሰበሰብበት ገበታ ሁልጊዜ የተደባለቀ ነው፤ ማን ለይቶ ያቀርብላታል?

አሁን «ምክንያቱ ምን አገባኝ» ወደሚለው ልመለስ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሚዛኑ ቆሞባታል። አራት ኪሎ ሄደ፣ ከዚያ ቀጥ። ሰንጠረዡን የሸጠላት ሰው ጋ ጻፈች። የመጣላት መልስ «የሆነ ቦታ ደባልቀሻል» የሚል ነው። እናም ቁጭ ብላ ጥፋቷን ስትፈልግ ሰነበተች። ሾርባው ውስጥ ዱቄት ነበረው እንዴ? ወይኑን ከአይቡ በኋላ ቶሎ በላሁት እንዴ? አራት ሰዓት ተኩሉን ወደ አምስት አሳደገችው።

የቆመበት ምክንያት ግን ከወይኑም ከአይቡም ጋር አይገናኝም። ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለው ይቀንሳል፤ መጀመሪያ የወጣው ውሃ ወጥቷል፣ አሁን የቀረው ስብ ነው፣ ስብ ደግሞ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው። ሰውም ሕጉን ሲለምደው ያሻሽለዋል። ለውዝ ከፕሮቲን ወገን ነው፣ አይከለከልም፤ አይብም እንደዚያው፤ በ«ፕሮቲን ሰዓት» ለውዝ በእፍኝ በእፍኝ ሲገባ ሕጉ አልተጣሰም፣ ካሎሪው ግን ተመልሶ መጣ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4። ትክክለኛውን ምክንያት የምታውቅ ቢሆን መሳቢያዋን ከፍታ የለውዙን ከረጢት ታይ ነበር። የተሰጣትን ምክንያት ይዛ ግን የምታየው ሰዓቷን ነው።

ይህን ሁሉ ትናንት ከሰዓት ነገርኳት፤ ከዚህ በተሻለ ትሕትና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ባቄላውን ስነግራት ሳቀች። የእናት ጡት ወተቱን ስነግራት ዝም አለች። «እና ብስኩቱን ልመልሰው?» አለችኝ። አይ፣ ብስኩቱን እዚያው ተዪው፣ አትክልቱንም ያዢው፣ እሱ ነው የጠቀመሽ አልኳት። ለውዙን በእፍኝ ሳይሆን ቆጥረሽ ብዪው። እንቁላሉንና ዳቦውን ግን አስታርቂያቸው።

ማውራታችንን ሳንጨርስ አላርሙ ጮኸ። አጠፋችው፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ ሶፍቱን ፈታች። ዳቦው ደርቋል፤ ሲቆረስ ቀጭ አለ። ግማሹን ሰጠችኝ።

«በምን ልብላው?» አልኳት።

«በምንም» አለች፣ «ለዛሬ እንደሱ ነው።»